የዝሆኔ እግር የዕለት እንክብካቤ በቤት ውስጥ፦ ከውሃው እስከ ጫማው

በምሥራቅ ጎጃም በአንድ ጤና ጣቢያ እግራቸው ያበጠ ሰዎችን መከታተል ከጀመርሁ ብዙ ዓመት ሆኖኛል። በገበያ ቀን ከየቀበሌው የሚመጡት ሰዎች ጥያቄ ግን እስከ ዛሬ አልተለወጠም፤ «እግርህን ታጠብ ብላችሁኛል፤ በምን ልታጠብ? ስንት ጊዜ? ከዚያስ ምን ላድርግ?» ይሉኛል። መርፌ ጠብቀው መጥተው ሳሙናና ቫዝሊን ብቻ ይዘው ሲመለሱ ቅር የሚላቸውም አሉ። ይህን መመሪያ የጻፍሁት፣ በወረፋ መካከል በሦስት ደቂቃ የምናገረው ነገር ቤት እስኪደርሱ ድረስ ስለሚረሳ ነው። ሕመሙ ያለብዎት እርስዎ ከሆኑ በቅደም ተከተሉ ይሥሩት፤ አባትዎ ወይም እናትዎ ከሆኑ ደግሞ እያነበቡላቸው አብረዋቸው ይሥሩ።

አስቀድሞ እብጠቱ ይታወቅ

በደጋውና በወይና ደጋው አገራችን ዝሆኔ የሚባለው አብዛኛው የእግር እብጠት በሕክምና ስሙ ፖዶኮኒዮሲስ ይባላል። ከእሳተ ገሞራ ድንጋይ የተፈጠረው ቀይ አፈር ደቃቅ የማዕድን ቅንጣቶች አሉት፤ ሰው ለረጅም ዓመታት በባዶ እግሩ ሲሄድ እነዚህ ቅንጣቶች በቆዳው በኩል ገብተው ሊምፍ የተባለው ፈሳሽ የሚመላለስባቸውን ቀጫጭን ቧንቧዎች ያቆስላሉ፤ በመጨረሻም ይደፍኗቸዋል። መውጫ ያጣው ፈሳሽ እግር ውስጥ ይጠራቀማል። በአንድ መሬት ላይ ካረሱ ሁለት ወንድማማቾች አንዱ ታምሞ ሌላው ጤነኛ የሚሆነው በአፈሩ የመጎዳት ዝንባሌ በዘር ስለሚወረስ ነው። በሽታው ግን ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም፤ ስለዚህ የሕመምተኛውን መኝታም ሆነ መሶብ መለየት አያስፈልግም። በደብረ ኤልያስና በደንበጫ ወረዳዎች ቤት ለቤት ተካሂዶ እ.ኤ.አ. በ2012 የታተመ ጥናት ዕድሜያቸው 15 ዓመትና ከዚያ በላይ ከሆኑ ነዋሪዎች 3.3 በመቶው ይህ ሕመም እንዳለባቸው አሳይቷል። እንግዲህ ብቻዎን አይደሉም።

እብጠቱ ከጣቶችና ከመርገጫ ይጀምርና ቀስ እያለ ወደ ላይ ይወጣል፤ ብዙውን ጊዜ ጉልበትን አያልፍም። ሁለቱንም እግር ይይዛል፤ አንዱ ግን ከሌላው ሊብስ ይችላል። መጀመሪያ ላይ ማታ ያበጠው ጠዋት ይጎድላል፤ እየቆየ ሲሄድ ግን ቆዳው ይሻክራል፣ ጉብታም ያወጣል።

እግር ያበጠበት ሰው ሁሉ ግን ይህ ሕመም አለበት ማለት አይደለም። የልብ፣ የኩላሊትና የጉበት ሕመምም እግርን ያሳብጣል። ትንኝ የሚያስተላልፈው ሌላው ዝሆኔ በቆላ የሚገኝ ሲሆን ብሽሽትንና ጭንንም ይይዛል። እግርዎ ሲቆነጠጥ የማይሰማዎት ከሆነ የሥጋ ደዌ መኖር አለመኖሩ መመርመር ይኖርበታል። አንድ እግር ብቻ በድንገት አብጦ ባትዎን ካመመዎት ደም ረግቶ ሊሆን ስለሚችል ይህን ጽሑፍ ትተው በዚያው ቀን ወደ ሕክምና ይሂዱ። ከዚህ በታች ያለው ሁሉ ምርመራ ተደርጎለት ሕመሙ ለተለየለት ሰው የተጻፈ ነው።

የሚያስፈልጉ ዕቃዎች

- እግር እስከ ቁርጭምጭሚት የሚያስገባ ሰፊ ሳፋ፤ ለዚህ ሥራ ብቻ የተለየ ይሁን
- 10 ሊትር ያህል ንጹሕ ውሃ፤ 4 ሊትሩ ለማጠቢያና ለማለቅለቂያ፣ 6 ሊትሩ ለመዘፍዘፊያ
- የገላ ሳሙና
- ጥንካሬው 5 በመቶ የሆነ በረኪና እና የሻይ ማንኪያ
- ከተቀደደ አሮጌ ነጠላ የተዘጋጁ ለስላሳ ጨርቆች፤ ለማጠቢያ አንድ፣ ለማድረቂያ ሁለት
- ሽታ የሌለው ቫዝሊን
- ሁለት ጥንድ የጥጥ ካልሲና የተዘጋ ጫማ
- ዱካ ወይም ሌላ መቀመጫ
- የማይለጠጥ ክር

ፋሻ በዝርዝሩ ያልገባው አውቄ ነው፤ ምክንያቱን በ7ኛው ደረጃ ላይ ያገኙታል።

አሠራሩ

1. ሰዓቱን ይወስኑ። ከብት ከገባ በኋላ፣ ራት ሳይቀርብ ያለው ጊዜ ለአብዛኛው ገበሬ ይመቻል። ማታ የምመርጠው፣ ቀኑን ሙሉ በእግር ላይ የሰነበተው አፈር ሌሊቱን ቆዳ ላይ እንዳያድርና ከታጠቡ በኋላ እግርዎን ሰቅለው እንዲተኙ ነው። ሥራው በሙሉ አንድ ሰዓት ገደማ ይወስዳል። ዕለት ዕለት መደረግ አለበት፤ በሳምንት አንድ ቀን ሁለት ሰዓት መታጠብ የሰባቱን ቀን አይተካም፤ በቆዳ ስንጥቅ ውስጥ የሚራቡት ባክቴሪያዎች እሑድን አይጠብቁምና።

2. እግርዎን ይመርምሩ። በባትሪ ብርሃን ጣቶችዎን አንድ በአንድ ፈልቅቀው ይዩ፤ ከዚያም መርገጫውን፣ ተረከዙንና የቆዳውን እጥፋቶች ይመልከቱ። የሚፈልጉት ስንጥቅ፣ እሾህ፣ የሚያዥ ቁስል፣ በጣቶች መካከል የነጣና የተላጠ ቆዳ ነው። ጎንበስ ማለት ካቃተዎት ልጅዎ ይይልዎት፤ በዚህ የሚያሳፍር ነገር የለም። ያልታየ ስንጥቅ ለጀርም መግቢያ በር ስለሚሆን በኋላ የምናነሳው ትኩሳት ብዙውን ጊዜ ከዚህ ይነሳል።

3. በሳሙና ይጠቡ። ውሃው ቀዝቃዛ ወይም ለብ ያለ ይሁን። ትኩስ ውሃ ለጊዜው ቢያሳርፍም ደም ሥሮችን ስለሚያሰፋ እብጠቱን ይጨምራል፤ ቆዳውም ይቃጠላል። ሳሙናውን በእጅዎ አረፋ አድርገው ከጉልበት በታች ያለውን ሁሉ በለስላሳ ጨርቅ ይሹ፤ በጉብታዎቹ መካከልና በጣቶች ሥር በጣትዎ ይግቡ። በድንጋይ ወይም በብሩሽ አይፈትጉት፤ ሻካራው ቆዳ ተፍቆ የሚለቅ ቆሻሻ ይመስላል እንጂ አይደለም፤ ቢቆስል በቶሎ አይድንም። ሳሙናው ጨርሶ እስኪለቅ ድረስ በንጹሕ ውሃ ያለቅልቁት፤ የቀረ ሳሙናና ጭቃ የሚቀጥለውን ደረጃ በረኪና ያደክማል።

4. በበረኪና ውሃ ይዘፍዝፉ። ሳፋውን አጥበው 6 ሊትር ንጹሕ ውሃ ያድርጉበት፤ በላዩ 2 የሻይ ማንኪያ፣ ማለትም 10 ሚሊ ሊትር በረኪና ጨምረው ያማስሉ። ሁልጊዜ ውሃው ይቅደም፤ በረኪናው ቀድሞ ከገባ ሊፈናጠርና ዓይንዎን ሊጎዳ ይችላል። እግርዎን ለ20 ደቂቃ በውስጡ ያኑሩ፤ ውሃው ያልደረሰበትን ቦታ በጣሳ እየቀዱ ያፍስሱበት። ይህ እግርን የሚያሸተውንና በስንጥቅ የሚገባውን ጀርም ይቀንሳል። ጤና ባለሙያ ሌላ መጠን ወይም ሌላ መድኃኒት አዝዞልዎት ከሆነ የእርሱን ይከተሉ።

መጠኑን በማንኪያ እንጂ በክዳን አልናገርም። በሥራዬ መጀመሪያ ላይ አንዲት እናትን «አንድ ክዳን በረኪና ይጨምሩ» ብዬ ሸኘኋቸው። እርሳቸው በረኪናውን ያስቀመጡት በጀሪካን ነበርና የለኩት በጀሪካኑ ክዳን ነው፤ በሳምንቱ የእግራቸው ቆዳ ተልጦ ተመለሱ። ጥፋቱ የእኔ ነበር። እርስዎም በረኪና ሲገዙ ጥንካሬው ከተጻፈበት ዕቃ ይግዙ፤ ስም በሌለው የውሃ ላስቲክ ተቀድቶ የሚሸጠው ምን ያህል እንደሚበረታ አይታወቅም። ፀሐይ በማይደርስበትና ሕፃናት በማያገኙት ቦታ ያስቀምጡት፤ ከሎሚ፣ ከኮምጣጤ ወይም ከሌላ የጽዳት መድኃኒት ጋር አይቀላቅሉት፤ ሳንባ የሚጎዳ ጋዝ ያወጣል። ያቃጠለዎት እንደሆነ እግርዎን አውጥተው በንጹሕ ውሃ ይለቅለቁ፤ በማግሥቱም በ1 የሻይ ማንኪያ ይሞክሩ።

5. ያድርቁ። በዚህ ሁሉ ሥራ ውስጥ በጣም የሚዘነጋው ይህ ነው፤ ከሁሉ የሚበልጠውም ይኸው ይመስለኛል። ሰዎች በደንብ ይታጠባሉ፤ ከዚያ ካልሲውን በእርጥብ እግር ላይ ያጠልቃሉ። በጣቶች መካከል የቀረ እርጥበት ቆዳውን ያነጣዋል፣ ያልጠዋል፣ ፈንገስም ያበቅልበታል፤ ፈንገስ የሰነጠቀውን ደግሞ ባክቴሪያ ይገባበታል። ስለዚህ ካልታጠበ እግር በደንብ ያልደረቀ እግር የማይሻልበት ጊዜ አለ።

እግሩን በደረቅ የነጠላ ቁራጭ ጫን፣ ለቀቅ እያደረጉ ያድርቁ እንጂ አይፈትጉት። ከዚያ ሁለተኛውን ጨርቅ ይውሰዱና ጫፉን በትልቁ ጣትና በሁለተኛው መካከል አስገብተው ለአፍታ ይያዙት፤ ጥጡ ውሃውን ይጠጣዋል። እንዲህ እያሉ እስከ ትንሿ ጣት ይሂዱ። በትንሿና በጎረቤቷ መካከል ያለው ቦታ በጣም ጠባብ በመሆኑ እርጥበት ተደብቆ የሚገኘው እዚያ ነው። እንደ ጨረሱ የጨርቁን ደረቅ ማዕዘን መልሰው ያስገቡ፤ እርጥብ ሆኖ ከወጣ ገና ነው። በቁርጭምጭሚት ላይ ያሉትን እጥፋቶችም እየከፈቱ እንዲሁ ያድርጉ። ከዚያ በኋላ እግርዎ ክፍት እንደ ሆነ 10 ደቂቃ ያህል ይቀመጡ። ጨርቆቹ በየቀኑ በሳሙና ታጥበው ፀሐይ ላይ ይሰጡ።

6. ቫዝሊን ይቀቡ። በስሱ፣ ከጣቶች ጀርባ ጀምረው እስከ ጉልበት ድረስ ወደ ላይ እያሻሹ ይቀቡ። ቅባቱ ቆዳው እንዳይደርቅና እንዳይሰነጠቅ ያደርጋል። በጣቶች መካከልና በክፍት ቁስል ላይ ግን አይቀቡ፤ ያደረቁትን እርጥበት መልሶ ያቆየዋል። በጣቶች መካከል የነጣና የሚያሳክክ ቆዳ ካለ ለፈንገስ የሚሆን ዊትፊልድ የተባለ ቅባት ከጤና ባለሙያ ይጠይቁ።

7. ፋሻ፣ ለሠለጠነ ብቻ። በትክክል የታሰረ ፋሻ ፈሳሹን ወደ ላይ ይገፋዋል፤ ላይኛው ከታችኛው ጠብቆ የታሰረ ደግሞ እግርን ያንቃል። ስለዚህ አስተሳሰሩን ባለሙያ ፊት ለፊት ሁለትና ሦስት ጊዜ ሠርተው ካላሳዩ በስተቀር አይጀምሩት። ጣቶችዎ ከጠቆሩ፣ ከቀዘቀዙ ወይም ከደነዘዙ ወዲያው ይፍቱት።

8. እግርዎን ይስቀሉ፣ ያንቀሳቅሱ። ጀርባዎን አስደግፈው መደብ ላይ ይቀመጡና እግርዎን በትራስ ወይም በታጠፈ ጋቢ ላይ ያሳርፉ። በጠፍር አልጋ የሚተኙ ከሆነ በግርጌ በኩል ካሉት ሁለት እግሮች ሥር አንዳንድ የጡብ ውፍረት ያለው እንጨት ይደግፉ፤ ፈሳሹ ሌሊቱን ሙሉ በራሱ ይወርዳል። የልብ ሕመም ያለበት ወይም ሲተኛ ትንፋሽ የሚያጥረው ሰው ግን ባለሙያ ሳያማክር አልጋውን ከፍ አያድርግ። ተቀምጠው ሳሉ ጣቶችዎን ወደ ፊትና ወደ ኋላ ይሳቡ፣ ቁርጭምጭሚትዎን 10 ጊዜ በቀኝ፣ 10 ጊዜ በግራ ያዙሩ። የባት ጡንቻ በተኮማተረ ቁጥር ፈሳሹን እንደ ፓምፕ ይገፋል። በደቦና በማኅበር ብዙ ሰዓት እግር አንጠልጥሎ መቀመጥ እብጠቱን ይጨምራል፤ ከተቻለ ከፊትዎ ዱካ አስቀምጠው እግርዎን ያሳርፉበት።

9. ጠዋት ካልሲና ጫማ ያድርጉ። ከአልጋ ሲወርዱ የመጀመሪያው ነገር ይህ ይሁን። የቤትዎ ወለል አፈር ከሆነ ቤት ውስጥም ጫማ አይለይዎት፤ ለቆዳዎ የቤቱም አፈር ያው የእርሻው አፈር ነው። ጫማው ሰፊ፣ ውስጡ ለስላሳና የተዘጋ ይሁን። ኮንጎ ከባዶ እግር ይሻላል፤ ነገር ግን በቀዳዳው ጭቃ ያስገባል፣ ፕላስቲኩም ቆዳ ይፍቃል፤ በረባሶ ደግሞ አፈር አይከለክልም። ለእርሻና ለአረም ቦት ጫማ ከካልሲ ጋር ያድርጉ፤ ማታም ውስጡን ጠርገው ያድርቁት። እግርዎ በተዘጋጀ ጫማ የማይገባ ከሆነ ለክቶ የሚሰፋ ጫማ ሰሪ ይፈልጉ፤ ጠባብ ጫማ የሚያወጣው ቁስል ድካምዎን ሁሉ ያበላሻልና። ቤተ ክርስቲያን ሲገቡ ጫማውን አውልቀው በንጹሕ ካልሲ ይግቡ፤ ሲወጡ ካልሲውን አራግፈው ጫማዎን ያጥልቁ። ጠበል መጠመቅ ከዚህ ጋር አይጋጭም፤ በጫማ ሄደው፣ ተጠምቀው ሲጨርሱ በ5ኛው ደረጃ እንደ ተባለው እግርዎን ያድርቁ።

ሕመሙ ሲነሳ

እግሩ በድንገት ይግላል፣ ይቀላል፣ ከወትሮው ይበልጥ ያብጣል፤ በብሽሽት ንፍፊት ይወጣል፤ ብርድ ብርድ ይላል፣ ትኩሳት ይከተላል። ሰውን ለቀናት ከአልጋ የሚያውለው ይህ ነው፤ ደጋግሞ ከተነሳም እብጠቱን እያጠነከረው ይሄዳል። በአነደድ ወረዳ በ696 ሕመምተኞች ላይ ተደርጎ እ.ኤ.አ. በ2018 በታተመ ሙከራ እንደዚህ ያለ የእግር እንክብካቤ የጀመሩት ሰዎች በዓመት በአማካይ 19.4 ጊዜ ተነሥቶባቸዋል፤ ገና ያልጀመሩት ደግሞ 23.9 ጊዜ። ታጥበውም ሊነሳብዎት ይችላል ማለት ነው፤ የሚያተርፉት የሚተኙባቸው ቀናት መቀነሳቸውን ነው።

ሲነሳብዎት ሥራ ያቁሙ፤ እግርዎን ሰቅለው ይተኙ፤ በቀዝቃዛ ውሃ የራሰ ንጹሕ ጨርቅ ያድርጉበት፤ ውሃ በብዛት ይጠጡ። ለሕመሙና ለትኩሳቱ አዋቂ ሰው 500 ሚሊ ግራም ፓራሲታሞል 2 ፍሬ መውሰድ ይችላል፤ በየመካከሉ ቢያንስ 6 ሰዓት ይለፍ፤ በ24 ሰዓት ውስጥ ከ8 ፍሬ አይበልጥ፤ የጉበት ሕመም ያለበት ሰው ግን አስቀድሞ ባለሙያ ይጠይቅ። እግሩን ማጠብ ከቻሉ ቀስ ብለው ይጠቡ፤ ፋሻውንና የእግር እንቅስቃሴውን ግን ሕመሙ እስኪበርድ ይተዉ። በአንድ ቀን ውስጥ ካልቀለለዎት አንቲባዮቲክ ሊያስፈልግዎት ስለሚችል ወደ ጤና ጣቢያ ይሂዱ። ከበረታ ትኩሳት ጋር ማስመለስ፣ መቃዠት፣ ብርቱ ራስ ምታት ወይም የትንፋሽ ማጠር ከመጣ እስኪነጋ አይጠብቁ።

ደጋግሜ የማያቸው ስሕተቶች

ቆዳውን በምላጭ መብጣት ከሁሉ የከፋው ነው፤ መጥፎ ደም ይወጣል ተብሎ የሚበጣው እግር በማግሥቱ ጀርም ገብቶበት ይመጣል። ነጭ ጋዝ፣ የቁልቋል ወተትና የባትሪ ውስጥ ጥቁር ዱቄት የቀቡም አይቻለሁ፤ ሦስቱም ቆዳን ይጎዳሉ። ብዙ ጨው በትኩስ ውሃ በጥብጦ መዘፍዘፍ ደግሞ ቆዳውን አድርቆ ይሰነጥቀዋል። ሽታው ሲጠፋ ዳንሁ ብሎ ማቆም የተለመደ ነው፤ ሽታው ቀድሞ ይጠፋል፣ እብጠቱ ግን ወራት ይፈልጋል፤ የደደሩት ጉብታዎችም በመታጠብ ብቻ ላይጠፉ ስለሚችሉ ሆስፒታል በቀዶ ሕክምና የሚነሡበት ሁኔታ አለ። ሌላው ስሕተት የታመመውን ብቻ ማጫማት ነው። ዝንባሌው በዘር የሚወረስ በመሆኑ ልጆችዎ መራመድ ከጀመሩበት ቀን አንሥቶ ጫማ ያስፈልጋቸዋል፤ ማታ ማታም እግራቸውን ይታጠቡ።

ለውጡን በክር ይለኩ

ዓይን ያታልላል፤ በየቀኑ የሚያዩት እግር የጎደለ አይመስልም። ከቁርጭምጭሚትዎ አጥንት አንድ ጥፍር ከፍ ብለው ክሩን ያዙሩና የተገናኘበትን ቦታ ቋጠሮ ያድርጉበት። ልኩን ሁልጊዜ ጠዋት ከአልጋ ሳይወርዱ ይውሰዱ፤ ማታ የተለካው የቀኑን እብጠት ስለሚጨምር ከጠዋቱ ጋር አይወዳደርም። ክሩን ምሰሶ ላይ ይስቀሉት፤ በወሩ በዚያው ቦታ ለክተው አዲሱን ቋጠሮ ከአሮጌው ጎን ያድርጉ። ከሦስት ወር በኋላ አዲሱ ቋጠሮ ከመጀመሪያው ይልቅ ወደ ክሩ መነሻ ካልቀረበ ወይም ጭራሽ ከራቀ ክሩን፣ ካልሲውንና የሚጠቀሙበትን በረኪና ይዘው ወደ ጤና ጣቢያ ይምጡ፤ የትኛው ደረጃ እንደ ጎደለ ከእነዚህ ሦስት ዕቃዎች ብዙ ጊዜ ይታወቃል።